ከግቢዬ በር ማለፍ አቃተኝ፤ ሰው ግን «ቤቷን አክባሪ» ይለኛል

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የ31 ዓመት ሴት፣ ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ስትመልሱልኝ «እርስዎ» ብላችሁ አታርቁኝ፤ አንቺ በሉኝ።

ነገሩ የጀመረኝ ካቻምና ግንቦት ላይ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ሽንኩርት እያስመዘንኩ ሳለ ልቤ በድንገት በኃይል ይመታ ጀመር፤ ትንፋሼ አጠረ፤ ጣቶቼና ከንፈሬ ደነዘዙ፤ መሬቱ የሚከዳኝ መሰለኝ። «ሞቼ ነው» አልኩ። ሽንኩርት ሻጯ ውኃ ረጨችብኝ፤ ሰው ከበበኝ። ክሊኒክ ወሰዱኝና በኢሲጂ ልቤን አዩት፤ ደም ግፊትና ስኳርም ለኩኝ፤ «ምንም የለብሽም፣ አትጨነቂ» ብለው መለሱኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በባጃጅ የደቻቱን ድልድይ ስሻገር ያው ደገመኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ቀፊራን ተውኩ፤ ቀጥሎ ድልድዩን፤ ቀጥሎ ታይዋን ገበያ የምሠራበትን የጨርቅ ሱቅ። አሁን ያለ ልጄ ከግቢያችን በር ማለፍ ካቆምኩ አራት ወር ሆነኝ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። በአንድ እጄ እሱን ይዤ፣ በሌላው ሎሚ እያሸተትኩ፣ ውኃና ስልክ በቦርሳዬ ከትቼ ጥግ ያለው ሱቅ ድረስ እሄዳለሁ፤ በቃ።

ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው፤ መልካም ሰው ነው። አስቤዛውን ሁሉ እሱ ይገዛል። እኔ ቤት ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ። የሰፈሩ ሰው «ቤቷን አክባሪ፣ ወጣ ገባ የማታበዛ» እያለ ያመሰግነኛል፤ እኔ ግን እስረኛ ነኝ። እናቴ ጠበል አስጠምቃኛለች፤ ሙስሊም ጎረቤታችንም ቁርኣን አስነብበውልኛል፤ አክስቴ የሰው ዓይን ነው ትላለች። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩትን ስለት ሕዝቡን ፈርቼ ሳላደርስ ሁለት ታኅሣሥ አለፈኝ። አንዲት ጓደኛዬ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ ክኒን አምጥታ ሰጥታኝ፣ ሲብስብኝ አንድ አንድ ፍሬ እወስዳለሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሁለት ነገር ነው። ሐረር ያለችው ታናሽ እህቴ የዛሬ ሁለት ወር ትወልዳለች፤ እናታችን ጉልበቷ ስለደከመ አራስ ቤት ሆኜ የማግዛት እኔ ነኝ። «ሥራ በዝቶብኛል» እያልኩ ስሸሻት ተቀይማኛለች። ሁለተኛው ልጄ ነው። በቀደም «እማዬ፣ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ብትሞቺስ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ አንዳንድ ሌሊት ተኝቼ ባልነሣ እላለሁ። እያበድኩ ነው? አማኑኤል መሄድ አለብኝ? ለእህቴስ ምን ልበላት?

ሰ.፣ ከሳቢያን

መልስ

ውድ እህቴ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ከመጨረሻው ለመጀመር ወሰንኩ። «አንዳንድ ሌሊት ተኝቼ ባልነሣ እላለሁ» ብለሻል። ይህን የጻፍሽው ድካምሽን ለመግለጽ ብቻ ነው ወይስ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብሻል? እኔ መልስሽን ከዚህ ሆኜ ልሰማው ስለማልችል፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ሲተኛ ለባለቤትሽ ንገሪው። ሁለተኛው ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ለጊዜው ተይውና፣ ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰድሽ፤ ዲያዜፓሙንም እሱ ይያዘው። ድካም ብቻ ከሆነ ደግሞ አብረን እንቀጥል።

እያበድሽ አይደለም። አእምሮው የታወከ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላው የማያየውን ያያል፣ የማይሰማውን ይሰማል፤ ያየውም እውነት እንደሆነ ይከራከራል። አንቺ ግን ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ መሆኑን ራስሽ እያወቅሽ ነው የምትፈሪው፤ እንዲያውም የሚያሳፍርሽ ይኸው ማወቅሽ ይመስለኛል።

ቀፊራ ላይ የደረሰብሽን ባለሙያዎች ፓኒክ አታክ ይሉታል፤ በአማርኛ ድንገተኛ ሽብር ብንለው ያስኬዳል። ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ እንድንሮጥ ወይም እንድንታገል የሚያዘጋጅ የማስጠንቀቂያ ደወል አለው፤ ያ ደወል አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ሙቀት፣ ድካምና የቆየ ጭንቀት ሲደራረቡ፣ አደጋ ሳይኖር ይጮኻል። አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ሲረጭ ልብ ለእግርና ለክንድ ጡንቻ ደም ለመላክ ይፈጥናል፤ ትንፋሽም ይፈጥናል። ሰው ሳይሮጥ እንደሚሮጥ ሰው ሲተነፍስ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈርን ያደነዝዛል። ሽንኩርት ሻጯ ፊት የደነዘዙብሽ ጣቶችሽና ከንፈርሽ ምሥጢራቸው ይህ ነው። ሽብሩ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ፤ መሬቱ የሚከዳሽ ቢመስልሽም አልወደቅሽም። ሰው ራሱን የሚስተው ባብዛኛው የደም ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ነው፤ በሽብር ጊዜ ግን ግፊት ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰዓት ራስን ስቶ መውደቅ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው።

የክሊኒኩ ሰዎች ልብሽ ጤነኛ መሆኑን መናገራቸው ልክ ነበር። የያዘሽን ነገር ስሙን ሳይነግሩ መሸኘታቸው ግን ብዙ አስከፍሎሻል። ስም ያልወጣለትን ነገር ሰው እንደ ፍርሃቱ ይሰይመዋል፤ አክስትሽ የሰው ዓይን አለችው፤ አንቺ ደግሞ ሞት አልሽው።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የመጣብሽ ነገር የራሱ ስም አለው፤ አጎራፎቢያ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ አጎራ ማለት ገበያ፣ አደባባይ ማለት ነው። ግሪክ ካምፕ የሚባል ሰፈር ባለበት ከተማ የምትኖርና ሕመሙ ገበያ መሀል የጀመራት ሴት ይህን ስትሰማ ፈገግ ትል ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስሙን ያወጣው ካርል ቬስትፋል የተባለ የበርሊን ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1871 ነበር። የጻፈላቸው ሦስት ሕመምተኞች ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ሰፊ አደባባይና ጭር ያለ መንገድ ማቋረጥ ያስጨንቃቸው ነበር፤ ሰው አብሯቸው ሲሄድ ግን ይቀልላቸው ነበር። ይህን ሳነብ የልጅሽ እጅ ትዝ አለኝ። ዛሬ ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ እጥፍ ያህል ይታያል።

ስሙ ገበያ ቢሆንም ፍርሃቱ የገበያ ብቻ አይደለም። ባለሙያዎች ሲመረምሩ አምስት ዓይነት ሁኔታዎችን ይጠይቃሉ፤ እነሱም በተሽከርካሪ መጓዝ፣ እንደ ድልድይና ሜዳ ያለ ገላጣ ቦታ፣ እንደ ሱቅና አዳራሽ ያለ ዝግ ቦታ፣ ወረፋና ግርግር፣ እንዲሁም ብቻን ከቤት ውጭ መሆን ናቸው። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱን የሚፈራና የሚሸሽ ወይም ያለ አጃቢ የማይደፍር፣ ይህም 6 ወርና ከዚያ በላይ የዘለቀበት ሰው ሲያጋጥማቸው አጎራፎቢያን ያስባሉ። ባጃጁ፣ ድልድዩ፣ የጨርቅ ሱቁ፣ የቁልቢ ሕዝብና የግቢው በር፣ አምስቱም ደብዳቤሽ ውስጥ አሉ። ያም ሆኖ ምርመራው የሚደረገው ፊት ለፊት በባለሙያ እንጂ በደብዳቤ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ የምትፈሪው ቀፊራን አይደለም፤ ሽንኩርት ሻጯን ወይም ድልድዩን አይደለም። የምትፈሪው «እዚያ ሆኜ ቢይዘኝስ? ማን ያወጣኛል? ሰው ፊት ብዋረድስ?» የሚለውን ነው። ፍርሃቱን ነው የምትፈሪው። ከመንገድ በተመለስሽ ቁጥር ደግሞ እፎይታ ይመጣል፤ ይህ እፎይታ እውነተኛ ስለሆነ ያታልላል። አእምሮሽ «ስለተመለስኩ ዳንኩ» ብሎ ይጽፋል እንጂ፣ ባልመለስ ኖሮስ ምን ይሆን ነበር የሚለውን የማየት ዕድል አያገኝም። ካቻምና ቀፊራ ላይ ለሌላ 20 ደቂቃ ብትቆዪ ኖሮ ሽብሩ ራሱ ደክሞት ይወርድ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ከበበሽ፣ ተሸክመው ወሰዱሽ፤ ፊልሙ መሀል ላይ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አእምሮሽ የሚያሳይሽ ያንኑ የተቋረጠውን ፊልም ነው። ድልድዩን ስትተዪ ፍርሃቱ ወደ ሱቁ፣ ሱቁን ስትተዪ ወደ ግቢው በር የመጣውም ለዚህ ነው።

የሰፈርሽ ሰው ምስጋናም ሳልናገርለት የማላልፈው ነገር ነው። ባለቤትሽ አራት ወር ሙሉ ከግቢ ባይወጣ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ሁሉ «ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንቺ ስትሆኚ ግን ተመሰገንሽ። ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ሕመምሽን ከዓይን ሰውሮታል፤ ላንቺም «ችግር አለብኝ» ብሎ መናገርን አክብዶብሻል። ይህን ዓይነቱን ምስጋና እየተቀበሉ በዝምታ የሚቸገሩ ሴቶች ብዙ እንደሆኑ እገምታለሁ።

ወደ ሕክምናው ከመግባቴ በፊት ጥቂት ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለሐኪምሽ ይዘሽለት ሂጂ። ቡና በቀን ስንቴ ትጠጪያለሽ? አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ጠዋትም ከሰዓት በኋላም የምትደግሚ ከሆነ ካፌይን ልብን ስለሚያፈጥን ሽብርን ሊቀሰቅስ ይችላል። ጫትስ? ለመውቀስ አይደለም፤ ድሬ ውስጥ ሆኖ ይህን አለመጠየቅ ግን የዋህነት ይሆናል። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጭንቀት ያባብሳል፤ «ቃሚና ይለቅሻል» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። የደም ማነስና የእንቅርት እጢ ምርመራ ተደርጎልሽ ያውቃል? ሁለቱም ልብ የሚያስመታ ሕመም ሊያመጡ ስለሚችሉ አንድ ጊዜ መታየታቸው ጥሩ ነው። አንዴ ከታዩና ደህና ከሆኑ ግን ልብሽን በየወሩ ማስመርመር ሌላ ዓይነት ሽሽት እንዳይሆንብሽ።

ለዚህ ሕመም በደንብ የተፈተነው የሥነ ልቦና ሕክምና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ በአጭሩ ሲቢቲ፣ የሚባለው ነው። ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያክም የንግግር ሕክምና ስለሆነ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የልጅነት ታሪክ መተረክ እንዳይመስልሽ፤ እንደ ልብስ ስፌት እየሠሩ የሚማሩት ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል እየተገናኙ ከ12 እስከ 16 ጊዜ ይዘልቃል፤ በቀጠሮዎቹ መካከል ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ፤ አብዛኛው ለውጥም የሚመጣው ከዚያ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ከላይ የጻፍኩልሽን የፍርሃት አካሄድ ባንቺው ታሪክ ያስረዳሻል። ቀጥሎ ትገረሚያለሽ፤ ክፍሉ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት እንድትተነፍሺ፣ ወይም ቆመሽ እንድትሽከረከሪ ሊጠይቅሽ ይችላል። ዓላማው የቀፊራውን መደንዘዝና መዞር ሆን ብሎ ቀስቅሶ፣ ስሜቱ ደስ የማይል እንጂ ገዳይ አለመሆኑን በገዛ ሰውነትሽ እንድታዪ ነው። አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና ካለሽ ግን አስቀድመሽ ንገሪው።

ከዚያ የሚመጣው ፍርሃትን በደረጃ መጋፈጥ ነው። የምትሸሻቸውን ቦታዎች ከ0 እስከ 10 እየመዘናችሁ ትጽፏቸዋላችሁ። ከደብዳቤሽ ተነሥቼ ልገምት፤ ከልጅሽ ጋር ጥግ ሱቅ መሄድ 3፣ በባለቤትሽ ባጃጅ ሳቢያን ውስጥ አንድ ዙር 4፣ ሱቁ ድረስ ብቻሽን 6፣ በማታውቂው ሰው ባጃጅ 7፣ ድልድዩ 8፣ በበዓል ዋዜማ ቀፊራ ደግሞ 10 ይሆናል። ቁጥሮቹን አንቺ ታስተካክያለሽ፤ የሚጀመረው ግን ሁልጊዜ ከ3 እና ከ4 ነው እንጂ ከ10 አይደለም።

አንዱን ደረጃ ቀረብ ብለን እንየው። ጊዜው ደርሶ ብቻሽን ሱቁ ድረስ የምትሄጂበት ቀን መጣ እንበል። ገና በሩ ላይ ልብሽ መምታት ይጀምራል፤ ይምታ። ሱቁ ጋ ደርሰሽ ሁለት ዳቦ ትገዢና አትመለሺም፤ እዚያው ጥላው ሥር ትቆሚያለሽ። ቁጥሩ 7 ይሆናል፤ «አሁን ልሂድ» ትያለሽ፤ ይህቺ ደቂቃ ናት መድኃኒቷ። ፍርሃቱን ለማባረር አትታገዪ፤ ባለሱቁ ሲመዝን፣ ሕፃናት ከረሜላ ሲመርጡ እያየሽ ቁጥሩን ብቻ ጠብቂው። 5 ሲሆን ታውቂዋለሽ፤ 3 ሲሆን ወደ ቤት ትሄጃለሽ። አንድ ቀን 10 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን 40 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በሳምንት አራት አምስት ቀን ከተደጋገመ ግን መነሻው ራሱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ያልተሳካበት ቀን ቢኖር በማግስቱ ያንኑ ወይም አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ሥሪ። ትንፋሽን ማዘግየት ይረዳል፤ ሆኖም «ቀስ ብዬ ካልተነፈስኩ እሞታለሁ» ብለሽ የምትጣበቂበት ሌላ ሎሚ እንዳታደርጊው።

ሎሚውን ካነሣን ዘንድ፣ ሎሚው፣ ውኃው፣ ስልኩና የልጅሽ እጅ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ደህና በገባሽ ቁጥር ምስጋናውን እነሱ ይወስዱታል፤ አንቺ የራስሽን ጉልበት አታዪውም። ስለዚህ አንድ በአንድ መተው አለባቸው። አንዳንድ ባለሙያ ከቀላሉ ጀምሪ ይልሽ ይሆናል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የሚለቀቀው የልጅሽ እጅ ይሁን እላለሁ። ሎሚ «እናቴ ትሞት ይሆን?» ብሎ ትምህርት ቤት ተቀምጦ አይጨነቅም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጃቢ ካስፈለገሽ ባለቤትሽ ይሁን፣ ካልተመቸው እናትሽ ወይም አንዲት ጎረቤት።

ስለ መድኃኒት በአጭሩ። ዲያዜፓም ያስተኛሻል፣ ፍርሃቱን ለጥቂት ሰዓት ይሸፍነዋል፤ ነገር ግን አእምሮሽ ከላይ ያልኩትን ትምህርት እንዳይማር ያደርገዋል፤ ሲዘወተርም ሱስ ያስይዛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድሽ መቆም አለበት፤ ሆኖም በየቀኑ ለሳምንታት ስትወስጂው ከቆየሽ በድንገት አታቋርጪው፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስቀንስሽ። ሐኪም መድኃኒት ያስፈልጋታል ካለ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው እንደ ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉትን ነው። እነዚህ ሱስ አያስይዙም፤ ለመሥራት ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ ያን ጊዜ ፈርተሽ አትተያቸው። ሲሻልሽም ብዙ ወር ቀጥለሽ በሐኪም ምክር ነው የሚቆሙት።

አማኑኤል መሄድ አለብኝ ወይ ላልሽው፣ ለዚህ ሕመም አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት አያስፈልግሽም። ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ፤ ሐረርም የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲው ሕይወት ፋና አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ቁጥራችን ጥቂት ስለሆነ መጀመሪያ የምታገኚው የአእምሮ ጤና ነርስ ሊሆን ይችላል፤ አትከፊ፤ ክኒን ብቻ ተጽፎልሽ ከወጣሽ ግን «ፍርሃቱን በደረጃ የመጋፈጥ ልምምድ የሚያሠራኝ ሰው አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው።

ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው እንዴት ነው ሐኪም ቤት የሚደርሰው? ብዙ ሕመምተኛ እዚህ ላይ ነው የሚቀረው። መጀመሪያ ባለቤትሽ ብቻውን ሄዶ ካርድ ያውጣ፤ ወረፋ የሚቀንስበትን ሰዓት ይጠይቅ፤ በስልክ መጀመር ይቻል እንደሆነም ይጠይቅ። በቀጠሮው ቀን ተራሽ እስኪደርስ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠሽ ጠብቂ፤ ክፍሉ ውስጥ ለበሩ ቅርብ የሆነውን ወንበር ለምኚ። በዚያን ቀን ሎሚሽንም ያዥ፤ የመጀመሪያው ቀን ፈተና አይደለም። ስትፈሪ ነገር እንዳይጠፋብሽ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ መቼ እንደጀመረሽ፣ ምን ምን እንደተውሽ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰድሽ፣ ስለ ሌሊቱ ሐሳብሽም ጭምር ጽፈሽ ስጪ። ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ ብትገለብጪው እንኳ ይበቃል፤ በጣም ግልጽ አድርገሽ ነው የጻፍሽው።

ባለቤትሽ ይህን አብሮሽ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ወንድሜ፣ ደግነትህ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን አስቤዛውን ሁሉ አንተ ስትገዛ ሕመሙም አብሮ ይቀለባል። ከሁሉ ትንሹን፣ ዳቦውን፣ ለእሷ ተውላት። ባጃጅህ ደግሞ ለልምምዱ ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ «ላስለምዳት» ብለህ ሳትነግራት ድልድዩን አታሻግራት። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተደረገ እምነቷን ለመመለስ ወራት ይወስዳል።

ጠበሉንና ጸሎቱን ተይ አልልሽም። ጎረቤትሽ ቁርኣን ማስነበባቸውንም እንደ ፍቅር ነው የማየው። ሕክምናው ከእነዚህ ጋር አይጣላም፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንድታቋርጪ የሚነግርሽ ሰው ካለ ብቻ ተጠንቀቂ። የቁልቢው ስለትም ቢሆን ታኅሣሥ ቢያልፍ ሐምሌ 19 አለ።

ለእህትሽ እውነቱን ንገሪያት፤ በዚህ ሳምንት፣ ሆዷ ይበልጥ ሳይገፋ ቂሟም ሳይገፋ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «እህቴ፣ ሥራ አልበዛብኝም፤ ዋሽቼሻለሁ። ከቤት መውጣት የሚያስፈራ ሕመም ይዞኝ ሕክምና ልጀምር ነው። ልመጣልሽ እየሞከርኩ ነው፤ ለቀኑ ባልደርስ ግን ስላልወደድኩሽ አይደለም» ማለት ይበቃል። የምትሰጥሽ መልስ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ አሁን ያለችበት፣ እህቴ ጠላችኝ ብሎ የማሰብ ቅያሜ ግን ከእውነቱ ይከፋል።

ጉዞውን በተመለከተ ግን ቃል አትግቢ። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ የደንገጎ ዳገት አለበት፤ ሁለት ወር ደግሞ ለአንዳንዱ ሰው ይበቃል፣ ለአንዳንዱ አይበቃም። ልምምዱ እየቀናሽ ከሄደ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደንገጎ ድረስ ብቻ ሄዳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ለመውለጃዋ ባትደርሺ ክርስትናው አለልሽ፤ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ትጨምሪያለሽ። እስከዚያ አራስ ቤቱን የምታግዝ አንዲት ዘመድ ከአሁኑ ፈልጊላት፤ የገንፎውን እህልና ቅቤውን አዘጋጅተሽ ላኪ። አንቺ ስላልሄድሽ እጅሽም ባዶውን ይቅር ያለ የለም።

የቀረው ልጅሽ ነው። «አልሞትም» ብለሽ ብቻ አትለፊው፤ ሰውነትሽ ሲንቀጠቀጥ በዓይኑ አይቷልና አያምንሽም። አባቱም ባለበት አስቀምጠሽ እንዲህ በይው፦ «ልቤ አልታመመም። ፍርሃት ሲይዘኝ እንደሮጠ ሰው ይመታል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ሐኪም እንዴት እንደማረጋጋው ሊያስተምረኝ ነው። እኔን መጠበቅ ያንተ ሥራ አይደለም፤ የአባትህና የሐኪሙ ነው።» ደግመሽ ደግመሽ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ያንኑ መልሺለት። ከዚያ ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን አስቀምጦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ኳሱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ይውጣ፤ አንቺም እስከ በሩ ሸኚው።